ከፊት የነበረው ዳማ

መቶ በመቶ የምንላትን ሴት በደንብ አውቃታለሁ ብዬ አልዋሽም። የማውቃት ከወገቧ በላይ ነው ብል ይቀላል፤ ሁልጊዜ የማያት ከመስታወት ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ ነው። አንድ ቀን ከሕንፃው ውጭ ቆማ ሳያት ቁመቷ ካሰብኩት በላይ ሆነብኝና ሌላ ሰው መስላኝ ሰላም ሳልላት አለፍኩ። በማግስቱ «ኮራህብን አይደል?» አለችኝ። ለማስረዳት አፍሬ ወደ ሥራዬ ወጣሁ። እንግዲህ ስለ እሷ የሚጽፈው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃት ቢጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የሚያውቋት ሰዎች ወይ ተቀይመዋታል ወይ መጻፍ አይወዱም።

የምሠራው በዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። እሷ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ናት። ደረጃው ሥር ስል እንዲያው ለማለት ያህል አይደለም፤ ጣሪያዋ ራሱ የደረጃው ሆድ ነው። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ስለሚረግፍባት ከራሷ በላይ ላስቲክ ወጥራለች። ከፊቷ ቻርጀርና የስልክ ከቨር የሞላ መስታወት አለ፤ ከጎኗ ደግሞ ለደንበኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ። ስክሪን አትቀይርም፣ ባትሪ አትነካም። ብሎን የሚፈታበት ሥራ ይዞ የመጣውን «ከኮሪደሩ ጫፍ ብሎን አለልህ» ብላ ትሸኘዋለች። ብሎን የምንለው ጫፍ ላይ ያለውን የስልክ ጠጋኝ ነው። አይዋደዱም፤ ሰላም ግን ይባባላሉ።

የእሷ ሥራ የቆመ ነገር ማስኬድ ነው። አፕ ላውርድ ብሎ ስልኩ ሃንግ ያደረገበት፣ አፕዴት ላድርግ ብሎ ክቡ ሲሽከረከር የዋለበት፣ «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ጽሑፍ ሲያይ ልቡ የደረቀበት ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። ቸኩሎ «የቀረው እቤት ይጨርሳል» የሚላትን «መቶ በመቶ ሳይሞላ ከዚህ አትነሣም» ብላ ታስቀምጠዋለች። ስሟ የወጣው ከዚህ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ሕንፃው ውስጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሥራውን ያስተማራት የለም። በፊት ለሌላ ሰው የስልክ ከቨር ትሸጥ ነበር። ከቨር ሊገዙ የመጡ ሰዎች «እግረ መንገድሽን ይቺን እይልኝ» ሲሏት፣ በራሷ ስልክ እየሞከረች፣ እያበላሸችም፣ ለመደችው። ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ነው ከፊት ያለው?» ትላለች። የሚወርዱትን አፖች ዝርዝር ትከፍትና የመጀመሪያውን ታያለች። አንድ ጊዜ ለእኔ ስታስረዳኝ፣ «ዳቦ ቤት ተሰልፈህ አታውቅም? ከፊት ያለው ሰውዬ ቦርሳውን ሲፈትሽ ኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ከኋላ ያለውን ብትገፋው ምን ዋጋ አለው? ከፊት ያለውን ነው ዞር በል የምትለው» አለችኝ። ከዚያ ትሰርዘዋለች። «ነገ ታመጣዋለህ፤ የትም አይሄድም» ትላለች። ይህ ካልሠራ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው፤ ካሹን፣ ማለት አፑ ያጠራቀመውን ትርፍራፊ፣ ማጽዳት፣ ሚሞሪው ሞልቶ እንደሆነ ማየት፣ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን ማጥፋት፣ ቀኑ ተዛብቶ እንደሆነ ማስተካከል። ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ምላሷ ስለት ነው። የሕንፃው ጥበቃ አንድ ቀን ስልኩን እያወዛወዘ መጣ።

«መቶ በመቶ፣ ከትናንት ጀምሮ ይሽከረከራል፤ እኔንም አዞረኝ እኮ!»

«ምን ልታወርድ ነው?»

«የአየር ሁኔታ የሚናገረውን።»

«ውጭ አይደል እንዴ የምትውለው? ቀና ብለህ አታይም?» አለችውና ስልኩን ተቀበለችው። «ሚሞሪህ ጢም ብሏል። ይሄ ሁሉ የሠርግ ቪዲዮ የማን ነው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ተፋታች አላልከኝም?»

«ተፋታች።»

«ታዲያ ይሄን ምን ያደርግልሃል?»

ጥበቃው ትንሽ አሰበ። «ምግቡ ጥሩ ነበር» አላት።

የሳቀችውን ሳቅ አሁን ድረስ አልረሳውም። እንደዚያ ስትስቅ ብዙ አይቻት ስለማላውቅ ይሆናል።

ስለ ቤቷ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነገር ነው። እናቷ የሞተችው ታናሽ እህቷ ጡት ሳትጥል ነው። አባትየው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ስለነበሩ ቤት አይውሉም፤ ስለዚህ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ ሕፃኗን አሳደገች። እሷን ላግባ ያለ ሰው እንደነበረም ሰምቻለሁ። «እህቴ ትምህርቷን ትጨርስና» አለችው። «እህቴ ሳትጨርስ እሱ ጨረሰ» ብላ ራሷ ነው ያወራችልኝ፤ ሌላ አግብቶ ማለቷ ነው። በኋላ አባትየው መኪና ተገልብጦባቸው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። እህትየው ላብራቶሪ ተምራ ተመረቀች፤ ሥራ ግን አልተገኘም። እቤት ሆና አባቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ታላቋ ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ ታኖራቸዋለች። አኗኗራቸው እንዲህ ነበር።

ይህ በተናጋበት ቀን እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ ሠሪ እየጠበቅን ስለነበር ሥራ አልነበረኝም። ከምሳ በኋላ ነው። እህትየው ከመንገድ እየሮጠች ገባች፤ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ክንዷ ላይ ገና ያልደረቀ የሳሙና አረፋ አለ።

«እታለም! ተቀበሉኝ!»

«እነማን?»

«ያ ሆስፒታል ነዋ! የነገርኩሽ! ግን እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አፑ ላይ ገብቼ ‹እቀበላለሁ› የሚለውን መጫን አለብኝ። ካልጫንኩ ለቀጣዩ ሰው ያልፋል ይላል። አፑ ደግሞ ካልታደስኩ አልከፈትም አለ፤ ማደሱን ስጫነው ይኸው፣ በመጠባበቅ ላይ፣ በመጠባበቅ ላይ። አንቺ ታስጨርሺዋለሽ አይደል?»

መቶ በመቶ ስልኩን አልተቀበለችም። «ሩቅ አይደል እንዴ እሱ?» አለች።

«ሩቅ ነው። ግን ቤት ይሰጣሉ።»

«ቤትም ይሰጣሉ» አለች ታላቋ፤ የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም።

እኔ ጣልቃ ገብቼ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ። ልጅቷ ለእኔ ሳቀችልኝ። ከዚያ ታላቋ ስልኩን ተቀብላ ዝርዝሩን ከፈተች። ልጅቷ ጠዋት ሳታስበው «ሁሉንም አድስ» የሚለውን ተጭናዋለች፤ የስልኩ አፖች በሙሉ ተሰልፈዋል።

«ማን ነው ከፊት ያለው?» አልኩ፤ የእሷኑ ቃል ለቀልድ ያህል።

«ያባባ ዳማ ነው» አለች፤ አልሳቀችም።

አባትየው ራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም። በልጅቷ ስልክ፣ ከራሱ ከስልኩ ጋር፣ ዳማ ይጫወታሉ፤ በተሸነፉ ቁጥር «ይቺ ሌባ፣ ዓይኔን ዞር ሳደርግ ድንጋይ ታነሣለች» እያሉ ይሳደባሉ፤ ሲያሸንፉ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋሉ። ከፍ ያለ ደረጃ ደርሰው ነበር አሉ። ይህ ዳማ ሲታደስ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኔትወርኩ ይደክማል። ቁጥሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ዓይን መትከል ይጠይቅ ነበር።

ትሰርዘዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰረዘችውም። ሚሞሪውን ከፍታ ታይ ጀመር፤ አንዳንድ ቪዲዮ አጠፋች። ካሹን አጸዳች። ቀኑን አየች። እጇ አልሰነፈም፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

«ዳማውን ብትሰርዢውስ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ነገ ይመጣል ብለሽኝ ነበር።»

«ሲሰረዝ ያባባ ደረጃ ይጠፋል።»

«ይጠፋል?» አለች ልጅቷ።

«ከዜሮ ይጀምራሉ። ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ ስልኩን አየች፣ እህቷን አየች። «ሳይሰረዝ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እሺ፤ አንቺ ካልሽ።»

እኔ ደግሜ ልናገር አፌን ስከፍት መቶ በመቶ ዞር ብላ «አንተ ፎቶ ኮፒ ቤት አትገባም እንዴ? ያንተን ማሽን አስኪድ» አለችኝ። ልጅቷም ለእኔ አዝና መሰለኝ፣ «ተዋት ወንድሜ፣ ታውቅበታለች» አለችኝ። ስለ ስልክ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ብቻ ነው። ደረጃው ይጠፋል ካለች ይጠፋል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቆይታ ስልኩን ሪስታርት አደረገችው። ሲበራ ዳማው ደርሶበት የነበረውን ትቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«በእኔ ስልክ ብንሞክርስ?» አልኩ።

«ስልክ የቀየረ እንደ አዲስ ይመዝገብ ነው የሚለው» አለች ልጅቷ። «ፊቴን አንስተው፣ አጣርተው፣ በማግስቱ ነው የሚከፍቱት።»

ልጅቷ ወደ ሆስፒታሉ ቢሮ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። እንደገና ደወለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዷ ላይ የደረቀውን ሳሙና ትፍቅ ጀመር። ጥበቃው በዚያ ሲያልፍ «ምን ሆናችሁ፣ ሐዘን ቤት አስመሰላችሁት» አለ። መቶ በመቶ የራሷን ስልክ ሆትስፖት አብርታ ኔትወርክ ሰጠቻት። ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ ተመለሰች። ጣቷ ከዳማው ጎን ካለችው የመሰረዣ ምልክት አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። አልነካቻትም።

ዳማው ሞላ። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው የሆስፒታሉ አፕ ተራው ደረሰና መውረድ ጀመረ፤ ያ ቀላል ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ከላያችን የእግር ድምፅ የመጣው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። በየፎቁ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ሰው ሁሉ እየወረደ ነበር፤ እየተሳሳቀ፣ ቁልፉን እያንሿሿ። ላስቲኩ ላይ አቧራው ሲዘንብ ይሰማናል።

አፑ ተከፈተ። «የመቀበያ ጊዜው አልፏል፤ ስላመለከቱ እናመሰግናለን» ይል ነበር።

መቶ በመቶ ስልኩን ለእህቷ ዘረጋችላት። «ሌላ ይመጣል» አለች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ስልኩን ተቀብላ በቀሚሷ ጠረገችው። «አባባን ጎናቸውን ሳላዞራቸው ነው የመጣሁት» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በከፊል ነው። አልተጣሉም። ጥል ቢኖር ኖሮ ጎረቤት ይገባ ነበር፤ ሽማግሌ ይጠራ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ሲም ካርዷን አውጥታ ስልኩን አባቷ ትራስ አጠገብ አስቀመጠችው አሉ። «አባባ፣ ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው። እኔ አያስፈልገኝም።» ለራሷ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ገዛች፤ ምንም የማያወርድ። ከእህቷ ጋር የምታወራው የሚበላና የሚታጠብ ነገር ብቻ ሆነ። በታላቅ ወግ «እታለም» ማለቱንም ተወችው። ምን ብላ እንደምትጠራት አላውቅም፤ ስትጠራት ሰምቼ አላውቅምና።

እቤታቸው አንድ ጊዜ ገብቻለሁ። አባትየውን ወደ ክሊኒክ ለማውረድ ጉልበት ያለው ሰው ተፈልጎ እኔና ጥበቃው ሄድን። ጉልበት ያለው ጥበቃው ነው፤ እኔ በሩን ለመክፈት ነው የሄድኩት። ክፍሉ አንድ ሆኖ በመጋረጃ ተከፍሏል። በዚህ በኩል የአባትየው አልጋ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሁለቱ እህቶች አንድ አልጋ። አልጋው ላይ ግን ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፤ ለየብቻ የተጣጠፈ፣ መሐሉ ባዶ የተተወ። ሽማግሌው ዳማቸውን እየተጫወቱ ነበር።

«ይቺን ሌባ ልጨርሳት ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ» አሉን።

ልጅቷ ማስቲሽ የያዘ የጫማ ሶል በእጇ እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። እቤት ሆና ለአንድ ጫማ ሠሪ ሶል ታጣብቃለች፤ ላብራቶሪ የተማረችው እጅ ማለት ነው። ክፍሉ የማስቲሽ ሽታ አፍኖታል። «ደረጃዎ ስንት ደረሰ አባቴ?» አላቸው ጥበቃው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ቁጥሩን ነገሩት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሶሏን ማጣበቅ ቀጠለች። እሳቸው የተፈጠረውን የሚያውቁ አይመስለኝም። የነገራቸው ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

መቶ በመቶ ሥራዋ ላይ ናት። ደንበኛዋ ግን ቀንሷል። ጥበቃው ወሬውን ሳያስበው በተነው፤ «የገዛ እህቷን ስልክ ማስኬድ አቃታት» ተባለ፤ ስሟም መቀለጃ ሆነ። አንዱ ደንበኛ ፊት ለፊቷ «አንቺ ጋ ከመቶ ስንት ደርሶ ነው የሚቆመው?» ብሎ ሲስቅባት ሰምቻለሁ። በፊት ቢሆን ቆዳውን ገፍፋ በላከችው፤ ያን ቀን ስልኩን ሠርታ ሰጠችው። አቅቷት እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ብናገር የባሰ ይሆንባት ነበር፤ አቃታት መባል አልፈለገችም ከመባል ይሻላታል።

ባለፈው ሰሞን የስልኬ የቻርጀር መሰኪያ ላላ አለብኝና ብሎን ጋ ሄድኩ። እሱ እየፈታ ሳለ፣ እንዲያው ወሬ ለመጀመር ያህል፣ ጨዋታ ሲታደስ ቢሰረዝ የተደረሰበት ደረጃ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማን አለህ?» አለ ቀና ሳይል። «ማደሱን ነው የምትሰርዘው እንጂ ጨዋታውን አይደል። አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል።»

ስልኬን ተቀብዬ ወደ ፎቅ ልወጣ ደረጃው ጋ ደረስኩ። አልወጣሁም። ዞሬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መቶ በመቶ ደንበኛ አልነበራትም፤ የቻርጀር ገመዶችን እየጠቀለለች በላስቲክ ታስር ነበር።

«ደግሞ ምን ቆመብህ?» አለችኝ።

«ምንም አልቆመም።»

«ታዲያ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አባረረህ?»

«ስለ አንቺ ልጽፍ ብዬ ነው» አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ሳቀች፤ አጭር ሳቅ። «ስለ እኔ? ማን ሊያነበው? ጻፍ በል፣ ጠይቀኝ።»

ስለ ከቨር ሽያጩ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፣ ከጠበቅኩት በላይ ነገረችኝ፤ ሕፃኗ በሌሊት ስታለቅስ የእናቷን ሹራብ ለብሳ እንደምታቅፋት፣ ሽታው እስኪያልቅ ድረስ። ላግባሽ ያላት ሰውዬ አሁን ወፍሮ መንገድ ላይ እንደምታገኘው ነገረችኝ። በአጠገባችን ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። እጇ ገመዱን መጠቅለል አላቆመም።

«ያን ቀን» አልኳት፤ «ዳማው ቢሰረዝ የአባትሽ ደረጃ እንደማይጠፋ ታውቂ ነበር?»

ገመዱን አስራ አስቀመጠችው። ሌላ አነሣች። ጫፉን ፈልጋ መጠቅለል ጀመረች።

«ሌላ ጠይቀኝ» አለች።

ሌላ አልነበረኝም።